በጎንደር የሙዚቃ ጉብኝት እንዴት ይታቀዳል?

ወደ ጎንደር የሚመጣ የሙዚቃ ወዳጅ የሙዚቃ አዳራሽና የመሣሪያ ሙዚየም በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ የመግቢያ ትኬት አገኛለሁ ብሎ ከጠበቀ ይቸገራል። «የዘፈን ቤት» የተባለው የነገሥታቱ አዳራሽ በፋሲል ግቢ ውስጥ ከታነጸ ሦስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ መሣሪያውና ዜማው ግን የሚገኙት በየደብሩ ቅኔ ማሕሌትና በየአዝማሪ ቤቱ፣ በባለሙያዎቹ እጅ ነው። በዚህ ምክንያት ዕቅዱ ሆቴል ከመያዝም ሆነ መጓጓዣ ከመፈለግ በፊት በቀን መቁጠሪያ መጀመር ይኖርበታል።

ቀኑን መምረጥ

በዚህች ከተማ የሚሰማውን ዜማ የሚወስኑት ጾሙና በዓሉ ናቸው። በዐቢይ ጾም በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ፤ የአዝማሪ ቤቶችም በእጅጉ ይቀዘቅዛሉ። እኔ ራሴ ይህን እያወቅሁ ችላ ብዬ በሁዳዴ እኩሌታ ሄጄ፣ ሦስት ምሽት ማሲንቆ ስፈልግ ከርሜ፣ በመጨረሻ ሽሮዬን በልቼ ተመልሻለሁ። ሁዳዴ የበገና ወቅት ስለሆነ፣ ዐሥር አውታር ያለውን ይህን መሣሪያ መስማት የሚሻ ሰው ግን ወቅቱን ሆን ብሎ ሊመርጠው ይችላል።

ብዙ ጎብኚ የሚመርጠው የጥርን ወር ነው። ጥር 7 ቀን የሥላሴ በዓል በደብረ ብርሃን ሥላሴ ይከበራል፤ ጥር 10 ቀን ከተራ ሲሆን ታቦታቱ በእልልታና በዝማሬ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ ጥር 11 ቀን ጥምቀት ነው። አንድ ሳምንት የሚቆይ ሰው በእነዚህ ቀናት የካህናቱንም የወጣቱንም ዜማ በአደባባይ ይሰማል፤ በዚያው ልክ ማረፊያ ይጠፋል፣ ዋጋ ይንራል፣ ስለዚህ ከወራት በፊት ክፍል መያዝ ያስፈልጋል። ዓላማው ሕዝቡን ማየት ሳይሆን ዜማውን ረጋ ብሎ መስማት ለሆነ ሰው ግን ታኅሣሥ 3 ቀንን፣ ማለትም የበአታ ለማርያምን በዓል፣ አስቀድሜ እመክራለሁ። የጎንደር በአታ የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል የማዜም፣ ትምህርት ምስክር የሚሰጥበት ደብር ነው፤ ከየአገሩ የተሰበሰቡ የአብነት ተማሪዎች የሚመረቁበትን ሙያ በቤቱ መስማት የመሰለ ነገር የለም። ኅዳር 6 ቀን የሚከበረው የቁስቋም በዓልም እንዲሁ ለአድማጭ የሚመች ነው።

ቀኑን በፋሲል ግቢ መጀመር

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከመሠረቱ በኋላ ተከታዮቻቸው እየጨመሩበት የሄዱት ይህ ግቢ 900 ሜትር ያህል በሚረዝም ቅጥር የተከበበ ስለሆነ፣ ያለ ዕቅድ የገባ ሰው የፋሲለደስን ግንብ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ደክሞት፣ ወደ ሰሜን ሳይዘልቅ ይወጣል። ለሙዚቃ የመጣ እንግዳ ግን በመጀመሪያ ወደዚያው ይዝለቅ፤ «የዘፈን ቤት» እየተባለ የሚጠራው የሣልሳዊ ዐፄ ዳዊት አዳራሽ የሚገኘው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 የነገሡት ዳዊት ዘፈን ወዳድ በመሆናቸው ስማቸው እስከ ዛሬ ከአዝማሪዎች ጋር ይነሣል፤ በአዳራሹም መንፈሳዊና ዓለማዊ በዓላት ይደረጉበት ነበር። አባታቸው ታላቁ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩ ንጉሥ ናቸውና፣ አባት ለማሕሌት ልጅ ለዘፈን የሠሩትን ሁለቱን ቤቶች በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።

ግንቡ ብቻውን አይዘፍንምና አስጎብኚ ይያዙ፤ ሲይዙም በቤተ መንግሥት ይሰሙ ስለ ነበሩት ስለ ነጋሪት፣ ስለ መለከትና ስለ እምቢልታ ሊያስረዳዎት ይችል እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። ለምሳሌ እምቢልታ በአንድ ሰው ብቻ ዜማ አይወጣለትም፤ ነፊዎቹ እያንዳንዳቸው የተወሰነ ድምፅ ይዘው፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ፣ ዜማውን በመካከላቸው ይሠሩታል። ይህን የሰማ ሰው ባዶውን አዳራሽ በሌላ ዓይን ያየዋል። መሣሪያዎቹን አስቀድሞ በዓይን ማየት የሚፈልግና በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ፣ በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ግማሽ ቀን ቢሰጠው ይጠቀማል። የፋሲል ግቢ ትኬትዎ ለፋሲል መዋኛም ያገለግል እንደሆነ ሲገዙ ጠይቀው፣ ትኬቱን ሳይጥሉ ይያዙት።

በማሕሌት ማደር

ማሕሌቱ የሚቆመው በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ሲሆን እስከ ቅዳሴ ይዘልቃል። ጎንደር ሌሊቱን ስለምትበርድ ጋቢ ይያዙ፤ ነጠላ ያጣፉ፤ ጫማ አውልቀው፣ ሴት ከሆኑ በደቡቡ፣ ወንድ ከሆኑ በሰሜኑ በኩል ይግቡ። ድምፅ መቅዳትም ሆነ ፎቶግራፍ ማንሣት ከፈለጉ በቀን መጥተው የደብሩን አስተዳዳሪ ያስፈቅዱ፤ በመካከል ስልክ ማውጣት ነውር ነው።

ሥርዓቱን ሳያውቅ የሚገባ ሰው ሁሉም አንድ ዓይነት መስሎት ያንቀላፋል። በመጀመሪያ በድምፅ ብቻ የሚባለው ቁም ዜማ አለ። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋር እየተወዛወዘ ይሄዳል፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ረጋ ብለው ይገባሉ፤ በጽፋት ከበሮው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይከተላል፤ በወረቡ ጊዜ የቆመው ሁሉ ይነቃል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ የወረዱት ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎች ልዩነታቸው በአንድ ሌሊት አይጨበጥም፤ አጠገብዎ ያለውን ደብተራ በዕረፍቱ ቢጠይቁት ግን በደስታ ያንጎራጉርልዎታል።

አዝማሪ ቤት መግባት

ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ቤቱ ብዙም አይሞቅምና አይቸኩሉ። አራቱን የዜማ ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ አስቀድመው በቤትዎ አዳምጠው ቢመጡ ቅኝቱ ሲለወጥ ያውቁታል። ማሲንቆ አንድ የጭራ አውታር ብቻ እያለው ይህን ሁሉ ማውጣቱ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከየትኛውም ግንብ የበለጠ የሚደነቅ ነው።

አዝማሪው ወደ እርስዎ ሲመጣ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም። «ተቀበል!» ብለው ሁለት ስንኝ ያቀብሉታል፤ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ስንኝ ከሌለዎት በልብስዎ፣ በመልክዎ፣ በመጡበት አገር ራሱ ገጥሞ ያወድስዎታል ወይም ይሸነቁጥዎታል። ሰምና ወርቁን ለመያዝ ድርብ ፍቺ ያላቸውን ቃላት ይጠባበቁ፤ «ማር» ሲል ላይ ላዩን የጠጁ ማር ሆኖ፣ ውስጡ «ይቅር በል» የሚል ልመና ሊሆን ይችላል። ሽልማቱ በግንባር ላይ ይለጠፋል ወይም በእጅ ይሰጣል፤ ለዚህም ዝርዝር ብር አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ድፍን ብር አውጥቶ መልስ መጠየቅ ለራስዎ ቅኔ መግዛት ነው። በግጥም ሲነኩም አይቆጡ፤ የቤቱ ወግ ነው።

የሚቀረው መጓጓዣው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፤ በመኪና ለሚመጣ የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ አጣርቶ መነሣት ያስፈልጋል። ማታ የሚመልስዎትን ባጃጅ ወይም ታክሲ ከመግባትዎ በፊት ይነጋገሩ። ማሕሌትና አዝማሪ ቤትን በአንድ ሌሊት አያጣምሩ፤ ከማሕሌት ሲወጡ ቀኑን ተኝተው በማግስቱ ምሽት ወደ አዝማሪው ይሂዱ፤ የመመለሻ በረራዎንም ጧት ላይ አያድርጉት።