የፖርቱጋልን ፔቲሽኩሽ አዝዞ ተካፍሎ መብላት

ፔቲሽኩሽ የሚባሉት በትንንሽ ሳህን እየቀረቡ በጠረጴዛው መሀል የሚቀመጡ፣ ታዳሚው ሁሉ የሚቋደሳቸው የፖርቱጋል ምግቦች ናቸው፤ ሁነኛ ቦታቸውም ታሽካ የሚባለው ትንሽ የሰፈር ምግብ ቤት ነው። ማንም የየራሱን ሳህን ስለማይዝ የገበታው ማማር የሚወሰነው በአዘዛዙ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማዘዝ አይገባም፤ ወጥ ቤቱ የደረሰለትን ወዲያው ስለሚልክ፣ ስድስት ሳህን አንድ ላይ ያዘዘ ሰው የተጠበሰውም መረቅ ያለውም ዓይኑ እያየ ይቀዘቅዝበታል። ለአራት ሰው በሦስት ሳህን ጀምሮ፣ እነዚያ ሲጋመሱ ሌላ መጨመር ይበቃል።

ገና ምንም ሳይታዘዝ አስተናጋጁ ዳቦ፣ የወይራ ፍሬና አንዳንዴም አይብ ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህ ኩቬር ይባላል፤ ግብዣ ሳይሆን ዋጋ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ደንበኛው ያላዘዘውንና ያልነካውን እንዲከፍል ስለማያስገድደው፣ ያልፈለጉትን ሳይነኩ መመለስ ነውር የለበትም። ዳቦውን ግን ማስቀረት ይሻላል፤ ኋላ ይፈለጋል።

ለመጀመሪያው ዙር አንድ ቀዝቃዛ፣ አንድ የተጠበሰና አንድ መረቅ ያለው መምረጥ ጥሩ ነው። ከቀዝቃዛው በሽንኩርት፣ በወይራ ዘይትና በኮምጣጤ የተለወሰ የኦክቶፐስ ሰላጣ አለ። ከተጠበሰው ደግሞ ከጨው ዓሣና ከድንች የሚሠራው ፓሽቴይሽ ደ ባካልያው ይገኛል፤ ሰሜኖቹ ቦሊኙሽ ይሉታል። ፔይሺኙሽ ዳ ኦርታ የሚባለው በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ፎሶልያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1543 ጃፓን የደረሱት ፖርቱጋሎች ይዘውት የሄዱት የአጠባበስ ዘዴ ለጃፓኑ ቴምፑራ መነሻ እንደሆነ በብዙዎች ዘንድ ይታመናል።

መረቅ ካላቸው ውስጥ የእኔ ምርጫ፣ ስሙን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ የወሰደው አሜይዡአሽ አ ቡልያው ፓቱ ነው። ዛጎል ያላቸው ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት በወይራ ዘይት ከተቁላላ ነጭ ሽንኩርት ጋር ድስት ውስጥ ይከደናሉ፤ በእንፋሎቱ አፋቸውን ሲከፍቱ የድንብላል ቅጠልና ሎሚ ይጨመርባቸዋል። አበላሉ በጣት ነው፦ የመጀመሪያውን ሥጋ ካወጡ በኋላ፣ ባዶውን ዛጎል እንደ መቆንጠጫ ይዞ የሌሎቹን መልቀም ይቻላል፤ ዛጎሉ ለብቻ በተቀመጠ ሳህን ይጠራቀማል፤ አፉን ሳይከፍት የቀረ ካለ አይበላም። ከታች የሚቀረው መረቅ የምግቡ እምብርት ስለሆነ፣ ቀደም ሲል የቆየው ዳቦ እየተቆረሰ የሚጠቀስበት እዚህ ላይ ነው። ሳህኑ መረቁ እንዳለ እንዳይነሳ ዓይን መጣል ያስፈልጋል።

ለሁለተኛው ዙር ፒካ ፓው ተስማሚ ነው፤ በነጭ ሽንኩርት መረቅ የበሰለ ቁርጥራጭ ሥጋ ሲሆን፣ ከአቻር ጋር ቀርቦ በስቴኪኒ እየተወጋ ይበላል። ብዙ ጊዜ የበሬ ሥጋ ነው፤ ሆኖም በዓሣማ የሚሠሩም ስላሉ፣ የማይበላ ሰው ቀድሞ ይጠይቅ። ጠረጴዛው ላይ በሸክላ ዕቃ፣ በአረቄ እሳት የሚጠበሰው ሹሪሱ የተባለው ቋሊማ ግን የታወቀ የዓሣማ ምግብ ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ በሊዝበንና በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል በኦሬጋኖ የተቀቀለ ቀንድ አውጣ ይሸጣል፤ በቢራ ደስ ይላል። የተቀቀለ ግብጦም የቢራ ማጣጣሚያ ነው። አነስተኛውን የድራፍት ብርጭቆ ሊዝበን ላይ ኢምፔሪያል፣ ፖርቶ ላይ ፊኑ ብሎ ማዘዝ ነው።

ከባሕር ምግብ በኋላ ገና ያልጠገበ ካለ፣ እንደ አገሩ ልማድ ፕሬጉ፣ ማለትም በዳቦ የተያዘ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ፣ ይዘዝለት። ሒሳቡ ካልጠየቁት በቀር ብዙውን ጊዜ አይመጣም፤ ሲመጣም ኩቬሩ በትክክል መቆጠሩን አይቶ፣ ማን ምን በላ ሳይባል ለታዳሚው እኩል ማካፈል ይቀላል።