የሊዝ መኪና የጥገና ጥቅል ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

መኪና በሊዝ፣ ማለትም በረጅም ጊዜ ኪራይ፣ ሲወሰድ ለፊርማ ከሚቀርቡት ወረቀቶች አንዱ የጥገና ጥቅል ነው። በየወሩ ትንሽ ጨመር አድርገው ይክፈሉ፣ የሰርቪሱን ጣጣ ለእኛ ይተዉት ይላል። የወሩ ክፍያ ትንሽ ስለሚመስል አንዱ ሳያሰላ ይፈርማል፤ ሌላው ደግሞ «ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው» ብሎ ሳያሰላ ይተወዋል። ነገሩን የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ በኪራዩ ዘመን ውስጥ ስንት ሰርቪስ ይውላል? ጎማውስ መኪናው ከመመለሱ በፊት ያልቃል? ሌላው ሁሉ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጥቅሉና ዋስትናው አይምታቱ

የፋብሪካ ዋስትና የሚሸፍነው ከአሠራር ጉድለት የመጣ ብልሽትን ነው። ኢንሹራንስ ለግጭትና ለስርቆት ነው። የጥገና ጥቅል ደግሞ በአገልግሎት ለሚያልቀው ነው፦ ለሞተር ዘይት፣ ለፊልትሮ፣ ለፍሬን ሸራ፣ እንደ ውሉም ለጎማና ለባትሪ። ስለዚህ ሻጩ «ካምቢዮው ቢበላሽስ? ኮምፒውተሩ ቢቃጠልስ?» ብሎ ቢያስፈራራዎት፣ አዲስ መኪና ላይ ይህ የዋስትናው ጉዳይ እንጂ የጥቅሉ አይደለም።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ ግን አለ። ዋስትናው 3 ዓመት ሆኖ ኪራዩ 48 ወር ከሆነ የመጨረሻዎቹ 12 ወራት ያለ ሽፋን ይቀራሉ። ብዙ የሚነዳ ሰው ደግሞ ዋስትናው ላይ የተጻፈው የኪሎ ሜትር ጣሪያ ከዓመቱ ቀድሞ ሊሞላበት ይችላል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የኤሲ ኮምፕሬሰር ቢሞት ወጪው ከኪስ ነው። ሙሉ ጥገና የሚባለው ጥቅል ይህን ክፍተት የሚሸፍን ከሆነ ሚዛኑ ወዲያው ወደ መግዛት ያጋድላል። ሰርቪስ ብቻ የሚሰጠው ጥቅል ግን እዚህ ላይ አይረዳም። ከዋስትና በኋላ የሚመጣ የሜካኒክና የኤሌክትሪክ ብልሽት እንደሚሸፈን ውሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ ካላዩ፣ የለም ብለው ይያዙት።

ሰርቪሱን መቁጠር

ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፦ የኪራዩ ወራት፣ በዓመት የሚነዱት ኪሎ ሜትር፣ የአምራቹ የሰርቪስ ሰሌዳ። ሰሌዳውን ከሻጩ ብሮሹር ሳይሆን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይውሰዱ፤ አከራዩም መኪናውን ሲረከብ የሚጠይቀው በዚያ መሠረት ነው። በብዙ መኪኖች ላይ የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ በየ10,000 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየ12 ወሩ፣ ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ ይቀየራል። እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም 2 ዓመት የሚሄዱም አሉ፤ እነዚህ ላይ በ36 ወር ኪራይ የሚውለው አንድ ሰርቪስ ብቻ ሊሆን ይችላል። የኤሲ ፊልትሮ በየ15,000 እስከ 30,000፣ የሞተር አየር ፊልትሮ በየ30,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የፍሬን ዘይት ኪሎ ሜትር አይጠይቅም፤ መኪናው ቆሞም ቢሆን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ያለበት ሲሆን፣ እርጥበት ሲይዝ የሚጠበቅበት ልክ ወደ 155 ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ይቀየር ይላሉ።

ጥቅሉ ዝርዝር ውስጥ ዓይን የሚስቡ ግን በኪራዩ ዘመን የማይደርሱ ነገሮችን ከሒሳቡ ያውጡ። የታይሚንግ ቺንጋ አብዛኛውን ጊዜ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በፊት አይነካም። ኢሪዲየም ካንዴላም እንዲሁ ሩቅ ነው። 45,000 ኪሎ ሜትር ነድቶ መኪናውን ለሚመልስ ሰው እነዚህ መጻፋቸው ዝርዝሩን ከማርዘም ያለፈ ጥቅም የላቸውም።

መመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ለከባድ አጠቃቀም የወጣ ሁለተኛ ሰሌዳ ካለ እሱንም ያንብቡት። አቧራ የበዛበት መንገድ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር ጉዞ፣ ተጎታች መሳብ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩን ረጅም ሰዓት ማሠራት ከባድ ውስጥ ይመደባሉ፤ የዘይት መቀየሪያውም እስከ ግማሽ ሊያጥር ይችላል። የእርስዎ አነዳድ እዚህ ውስጥ ከገባ፣ ጥቅሉ የሚከፍለው በየትኛው ሰሌዳ እንደሆነ ይጠይቁ። በመደበኛው ብቻ ከሆነ በመሀል የሚጨመረው ሰርቪስ የእርስዎ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የገንዘቡን ዓይነት ትተን አንድ መለስተኛ ሰርቪስ 100 ነጥብ ያወጣል እንበል፤ ፊልትሮዎቹና የፍሬን ዘይት የሚጨመሩበት ትልቁ ሰርቪስ ደግሞ 200። ኪራዩ 36 ወር፣ መንዳቱ በዓመት 20,000፣ ሰርቪሱ በየ15,000 ኪሎ ሜትር ነው። ሰርቪሶቹ በ9ኛው፣ በ18ኛው፣ በ27ኛው እና በ36ኛው ወር ላይ ይውላሉ። መለስተኛና ትልቅ ከተፈራረቁ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 100፣ 200 እና 100፣ በድምሩ 400 ይሆናሉ። የፊት ፍሬን ሸራ አንድ ጊዜ በ120 ቢቀየር 520። ጥቅሉ በወር 18 ነጥብ ቢጠየቅበት በ36 ወር 648 ይመጣል፤ ስለዚህ 128 ይከስራሉ።

ነገር ግን አራተኛው ሰርቪስ 60,000 ላይ፣ መኪናው በሚመለስበት ወር ላይ ነው የወደቀው። ትልቁ ሰርቪስ ነው፣ 200። ውሉ «ጊዜው የደረሰ ሰርቪስ ሳይደረግለት መኪና አንረከብም» ወይም «በቅጣት እንረከባለን» የሚል ከሆነ፣ በራስዎ ሲከፍሉ ወጪው 720 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥቅሉ 72 ያተርፋል። ውሳኔውን የገለበጠው አንድ የጠርዝ ሰርቪስ ነው። ይህን ሳያጣሩ የሚሠራ ሒሳብ ሁሉ ግምት ነው። አከራዩን በጽሑፍ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ መኪናውን ስመልስ የሰርቪስ መብራቱ ለመብራት ስንት ኪሎ ሜትር ወይም ስንት ቀን ሊቀረው ይገባል?

ተቃራኒውን ጫፍ ደግሞ ይመልከቱ። 24 ወር፣ በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር። የመጀመሪያው ሰርቪስ በጊዜ ምክንያት በ12ኛው ወር ይመጣል፣ ሁለተኛው መመለሻው ላይ ነው። የፍሬን ሸራም ጎማም በ20,000 ኪሎ ሜትር አያልቁም። ጥቅሉ ኪሎ ሜትሩ አነስተኛ ስለሆነ በወር ወደ 14 ቢወርድ እንኳ 336 ይሆናል፤ ሰርቪሶቹ ግን የመጨረሻው ቢደረግ 300፣ ካልተደረገ 100 ናቸው። ትንሽ የሚነዳ ሰው በአጭር ኪራይ ላይ ጥቅል የሚገዛበት ምክንያት የለም።

ጎማ

አዲስ የመኪና ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥልቀት አለው። በብዙ አገሮች ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛው 1.6 ነው፤ እርጥብ መንገድ ላይ መያዣው ስለሚደክም ብዙ ባለሙያ 3 ላይ ይቀየር ይላል። እስከ 3 ለሚጠቀም ሰው በእጁ ያለው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፊት ጎማ የሚጎትት መኪና ላይ ፊተኞቹ በ8,000 ኪሎ ሜትር 1 ሚሊ ሜትር ቢበሉ 40,000 ላይ ያበቃሉ፤ ኋለኞቹ በዚያን ጊዜ ገና ግማሽ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ለሒሳቡ ትልቅ ልዩነት ነው፦ አራት መቀየርና ሁለት መቀየር አንድ አይደሉም።

ቀደም ባለው ምሳሌ ላይ ጎማ የሚጨምረው ጥቅል በወር 28 ነው እንበል። የጎማው ድርሻ 10 ነጥብ ነው፣ በ36 ወር 360። አራት ጎማ 450 የሚያወጣ ከሆነና አራቱም ኪራዩ ሳያልቅ የሚቀየሩ ከሆነ 90 አተረፉ። የሚቀየሩት ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ግን 225 ለሚያወጣ ነገር 360 ከፈሉ። የትኛው እንደሚሆን ለመገመት ከሁሉ የሚሻለው መረጃ ከዚህ በፊት የነዱት መኪና ነው፤ የጎማ ዙሩ ስንት ኪሎ ሜትር ይዞ ነበር? የፊትና የኋላ ጎማዎችን ቦታ እያቀያየሩ መንዳት አራቱንም እኩል ያስኬዳል፤ ይሁንና አራቱ በአንድ ጊዜ የሚያልቁበት ቀን ከመመለሻው በፊት ይሁን በኋላ አስቀድመው ያስሉ።

ሰፊ ቸርኬ ያለው መኪና ላይ የጎማው ዋጋ በጣም ስለሚያድግ ጎማ ያለው ጥቅል ቶሎ ያዋጣል። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪናም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ አምራች በጎማዎቹ መካከል የጥርስ ጥልቀት ልዩነት እንዳይኖር ስለሚያዝ አንዱ ሲበላሽ ከአንድ በላይ ጎማ መቀየር ሊመጣ ይችላል።

ጎማ ላይ ክርክር የሚያስነሱት አንቀጾች የታወቁ ናቸው። ጥቅሉ «ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ካልወረደ አንቀይርም» ብሎ፣ የመመለሻ ውሉ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠይቅ ከሆነ፣ 2.5 ላይ ያለ ጎማ ይዘው ሲመለሱ ጥቅሉ አይቀይርልዎትም፣ አከራዩ ደግሞ ያስከፍልዎታል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የመታው የጎማ ጎን፣ ምስማር የወጋው፣ አላይመንት ጠፍቶ አንድ ጎኑ የተበላ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከሽፋን ውጭ ነው። ለመጨረሻው መከላከያ አለ፦ በየሰርቪሱ የአራቱም ጎማ ጥልቀት ከውስጥ፣ ከመሀልና ከውጭ ተለክቶ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ከመፈረም በፊት ውሉ ላይ የሚፈለግ

«ሙሉ» የሚለውን ቃል ትተው የተካተተውንና ያልተካተተውን ዝርዝር ይጠይቁ። በሰርቪሶች መካከል የሚጨመር ዘይት፣ የናፍጣ መኪና አድብሉ (ጭሱን የሚያጣራው ፈሳሽ)፣ የመስታወት መጥረጊያ፣ አምፖል፣ 12 ቮልት ባትሪ፣ የፍሬን ዲስክ በየውሉ ይለያያሉ። ሸራ ተሸፍኖ ዲስክ ያልተሸፈነበት ጥቅል ጎዶሎ ነው፤ ሁለቱ አብረው የሚቀየሩበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ክፍያው ከወርኃዊው ኪራይ ጋር ተጠቅልሎ ከሆነ ወለድ እየተሰላበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለብቻው የሚከፈል ከሆነ ይሻላል። አምራቹ የመጀመሪያዎቹን ሰርቪሶች በነፃ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ እነዚያን ከቆጠራዎ ላይ ይቀንሱ። በነፃ የተሰጠን ሰርቪስ በጥቅል መልሶ መግዛት ከሚገመተው በላይ የሚያጋጥም ነገር ነው።

የጥቅሉ ዋጋ የሚተመነው በዓመት እነዳለሁ ባሉት ኪሎ ሜትር ነው። አብልጠው ሲነዱ ለኪራዩ ብቻ ሳይሆን ለጥቅሉም የትርፍ ኪሎ ሜትር ክፍያ ሊኖር ይችላል። መኪናው በአደጋ ከጥቅም ውጭ ቢሆን ወይም ኪራዩ ቀድሞ ቢቋረጥ ያልተጠቀሙበት ድርሻ ይመለሳል ወይ? የማይመለስ ከሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስቀድሞ መክፈል አይመከርም።

የትኛው ጋራዥ እንደሚሠራ ይወቁ። ብዙ ጥቅል ላይ ጋራዡ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለአከራዩ ደውሎ ፈቃድ ይወስዳል፤ ፈቃድ ሳይገኝ የተሠራ ሥራ ደግሞ አይከፈልም። ጋራዡ «የኢንጀክተር ማጠቢያ፣ የሞተር ውስጥ ማጽጃ እናድርግለት» ቢልዎት በአምራቹ ሰሌዳ ላይ ከሌለ ጥቅሉ አይከፍለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ መኪናውም አያስፈልገውም። መኪናው ጋራዥ በሚውልበት ቀን ተለዋጭ መኪና የሚሰጥ ከሆነ፣ መኪናው መተዳደሪያው ለሆነ ሰው ይህ ብቻውን ጥቅሉን ሊያስገዛ ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪና

ሒሳቡ እዚህ ላይ ይቀየራል። የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላ የሉም። መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኃይል እየመለሰ ስለሚያዘገየው የፍሬን ሸራ ከተለመደው በላይ ይቆያል። የሚቀረው የኤሲ ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይትና ምርመራ ነው። ለዚህ ለቤንዚን መኪና የሚጠየቀውን ያህል የሚያስከፍል ጥቅል አያዋጣም። በሌላ በኩል መኪናው ከባድ ስለሆነና ሞተሩ ጉልበቱን በቅጽበት ስለሚሰጥ ጎማ ቶሎ ይበላል፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሊታሰብበት የሚገባው ጎማ ያለው ጥቅል ብቻ ነው።

ጥቅሉን ካልወሰዱ

ግዴታው አይቀርም፤ ሰርቪስ ያመለጠው የሊዝ መኪና ዋስትናው ላይ ክርክር ሊነሳበት ይችላል፣ ሲመለስም ያስቀጣል። የጥቅሉን ወርኃዊ ክፍያ ያህል በተለየ ሒሳብ ያስቀምጡ። ከሰርቪሱ ቀን ወይም ኪሎ ሜትር ምን ያህል ማለፍ እንደሚፈቀድ ውሉ ላይ ይፈልጉና ቀጠሮውን ከዚያ ቀድመው ይያዙ። እያንዳንዱ ደረሰኝ ቀኑን፣ የቆጣሪውን ንባብ፣ የዘይቱን ዓይነትና የአምራቹን የጥራት መለያ ቁጥር የያዘ ይሁን፤ «ዘይት ተቀየረ» ብቻ የሚል ወረቀት ሲመለሱ አይጠቅምም። መኪናው ከሚመለስበት 2 ወር አስቀድመው የጎማውን ጥልቀት ይለኩ፣ ቀጣዩ ሰርቪስ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረው ዳሽቦርዱ ላይ ይመልከቱ። ጎማ መቀየር ካለበት ራስዎ በመረጡት ቦታ ማስቀየር ይሻላል፤ መጠኑ፣ የጭነትና የፍጥነት ምድቡ ግን መኪናው ይዞት ከመጣው እንዳያንስ።