የምስጥ ዲኤንኤ ምርመራ እምቢ ሲል፦ ከባዶ ጄል እስከ ተሳሳተ ስም

ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ማታ ማታ በረንዳ መብራት ስር ክንፋም ምስጥ እንደ ጉድ ይርመሰመሳል፣ በማግስቱ ደሞ ሰው በፌስታል ቋጥሮ ላብራቶሪ (ላብ) ይመጣና "ይሄ የትኛው ነው?" ይላል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል ግን እዛ አካባቢ ከእስያ የገቡ ሁለት ተመሳሳይ ዝርያዎች አሉ፣ አንዱ ኮፕቶተርመስ ፎርሞሳኑስ ነው፣ 1980 ሃላንዴል ላይ የተገኘው፣ ሌላው ኮፕቶተርመስ ጌስትሮይ፣ 1996 ማያሚ ላይ የተገኘው፣ ከነሱ ጎን ደሞ የአገሩ የራሱ ምስጥ ሬቲኩሊተርመስ አለ። ወታደሩ፣ ማለት መንጋውን የሚጠብቀው ምስጥ፣ ከተያዘ በማይክሮስኮፕ ይለያል። ሠራተኛ ብቻ ወይ ደሞ የረገፈ ክንፍ ክምር ብቻ ከመጣ ግን ዓይን ብዙም አይረዳም፣ ያኔ ዲኤንኤ ነው። ችግሩ ዲኤንኤውም እምቢ ይላል፣ እና ላብ ውስጥ ያጋጠመኝን ከምልክቱ ተነስቼ ልጻፍላችሁ።

ጄሉ ላይ ምንም የለም

ፒሲአር (የተፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ የሚያባዛው ምርመራ) ሰርታችሁ፣ ውጤቱ እንደ መስመር (ባንድ) የሚታይበትን ጄል መብራቱ ላይ ስታዩት ላደሩ (የርዝመት መለኪያው) ያበራል፣ ፖዘቲቭ ኮንትሮሉም (እንደሚሰራ የታወቀው ናሙና) ያበራል፣ የናንተ ናሙና ቦታ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ሰው ቶሎ ብሎ የሚያደርገው ፒሲአሩን መድገም ነው፣ ከዛ ፕራይመሩን (የሚባዛውን ቦታ የሚመርጠውን አጭር ዲኤንኤ) መጠርጠር፣ ከዛ ደግሞ መድገም። ኧረ ተዉ፣ መጀመሪያ ናሙናው እንዴት እንደመጣ ጠይቁ። መስኮት ጥግ ሳምንት ሙሉ ደርቆ የከረመ ነው? እርጥብ ሶፍት ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ የሸተተ? ፎርማሊን ውስጥ የገባ ከሆነ በቃ ብዙ አትድከሙ፣ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያጣብቀዋል ይቆራርጠዋል።

መፍትሄው ላብ ሳይደርስ ነው ያለው። 95 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ኢታኖል፣ መጠኑም ከምስጡ 10 እጥፍ ይሁን፣ በማግስቱ ደሞ ደፍታችሁ በአዲስ ቀይሩት ምክንያቱም ከምስጡ ገላ የሚወጣው ውሃ ያቀጥነዋል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ቅርጹን ጥሩ አድርጎ ያቆያል ለዲኤንኤ ግን ለረጅም ጊዜ አይታመንም። አንድ ወዳጄ "አረቄ አይሆንም ወይ" ብሎኛል፣ ዳግም የተባለው አረቄ እንኳን እዛ አይደርስም፣ ጠጡት ይሻላል።

ናሙናው አንዴ ከተበላሸስ? ያው ዲኤንኤው ተቆራርጧል ማለት ነው፣ ስለዚህ ረጅሙን አትጠይቁት። የተለመደው የሲኦዋን ባርኮድ (ዝርያ የሚለይበት፣ የራሱ ዲኤንኤ ካለው የሴል ክፍል ከሚቶኮንድሪያ የሚወሰድ የጂን ቁራጭ) 658 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ነው፣ ያን ያህል ሳይቆረጥ የተረፈ ክር ላይኖር ይችላል፣ ውስጡ የሚያርፉ አጭር ፕራይመሮች ከ150 እስከ 200 ቤዝ ቢያወጡላችሁ ሁለቱን ኮፕቶተርመስ ለመለየት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ዲኤንኤ አለ፣ ፒሲአሩ ግን ሞቷል

ይሄኛው ያናድዳል። ናኖድሮፑ (የዲኤንኤ መጠን መለኪያው) ቁጥር ይሰጣል፣ ያውም ደህና ቁጥር፣ ጄሉ ግን ባዶ። ቲዩቡን ወደ መብራት አንስታችሁ እዩት፣ ሻይ የመሰለ ቢጫ ቡናማ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ፣ ሆዱን ነው የፈጫችሁት። የምስጥ ሆድ እንጨት ነው፣ ከእንጨቱ የሚመጣው ነገር ኢንዛይሙን ያፍነዋል። በዛ ላይ ኮፕቶተርመስ የኋላ አንጀቱ ውስጥ እንጨት የሚፈጩለት ጥቃቅን ፍጡራንና ባክቴሪያ ታጭቀዋል፣ እና ናኖድሮፑ ያሳያችሁ ቁጥር ጥሩ ክፍሉ የነሱ ነው እንጂ የምስጡ አይደለም።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ምስጡን ከኢታኖል አውጥቼ ሶፍት ላይ አደርቀዋለሁ፣ በስለት አንገቱ ጋ ሳይሆን ደረትና ሆዱ የሚገናኙበት ጋ እቆርጣለሁ፣ ጭንቅላትና ስድስቱ እግር ያለው ግማሽ ወደ ቲዩብ፣ ሆዱ ወደ ቆሻሻ። ስለቱን በየምስጡ መቀየር ነው። ቀድሞ የተፈጨ ከሆነ ደሞ ኤክስትራክቱን 10 እጥፍ ከዛ 50 እጥፍ አቅጥኑት፣ ሰው ሲቀጥን ይብሳል ብሎ ይፈራል ግን ማፈኛውም አብሮ ስለሚቀጥን ብዙ ጊዜ ባንዱ ብቅ ይላል። ቢኤስኤ (ማፈኛውን የሚይዝ ፕሮቲን) መጨመርም ይረዳል። ማፈኛ መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የሚሰራውን ፖዘቲቭ ኮንትሮል ውስጥ ከናንተ ኤክስትራክት ጠብ አድርጉበት፣ እሱም ከሞተ አለቀ።

ወታደሩን ግን አትፍጩት። ወታደር በፒንሴት ስትይዙት ከግንባሩ ነጭ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ያወጣል፣ የሚወጣባት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ጸጉር ነው የሚለየው፣ ፎርሞሳኑስ ሁለት ጥንድ ጌስትሮይ አንድ ጥንድ። ሠራተኛውን ፍጩ ወታደሩን ኢታኖል ውስጥ አስቀምጡት፣ ኋላ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ሲኩዌንሱ ባክቴሪያ ነው ይላል

ባንዱ ያምራል፣ ሲኩዌንስ (የቤዞቹ ቅደም ተከተል) ይመጣል፣ ብላስት ስታደርጉት፣ ማለት ጂንባንክ ከሚባለው የሲኩዌንስ ማከማቻ ጋር ስታመሳክሩት፣ ዎልባኪያ። ዎልባኪያ ነፍሳት ሴል ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፣ ከ1994 ጀምሮ ሁሉም የሚጠቀምባቸው የሲኦዋን ፕራይመሮች አንዳንዴ እሱን ያነሳሉ። ወደ ሌሎቹ የሚቶኮንድሪያ ጂኖች፣ ወደ ሲኦቱ ወይ ወደ ሚቶኮንድሪያው 16ኤስ ዙሩ። እዚህ ጋ አንድ ነገር፣ 16ኤስ የሚባል የባክቴሪያም ጂን አለ፣ አዲስ ልጅ ላቡ ውስጥ ካለው የፕራይመር ሳጥን "16ኤስ" የሚለውን አንስቶ ሳምንት ሙሉ የምስጥ አንጀት ባክቴሪያ ሲያነብ አይቻለሁ፣ ስቀናል ግን ሳጥኑ ላይ በግልጽ ያልጻፍነው እኛው ነን።

ፒኩ ድርብ ድርብ ነው

ክሮማቶግራሙ (የሲኩዌንሱ ባለቀለም ግራፍ) ላይ ሁለት ቀለም እየተደራረበ ከመጣ ተራው ምክንያት አንድ ቲዩብ ውስጥ ከአንድ በላይ ምስጥ መግባቱ ነው። መብራት ስር የተለቀመ ናሙና ከሆነ ደሞ ሁለት ዝርያ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ጌስትሮይ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል፣ ፎርሞሳኑስ ከኤፕሪል እስከ ጁን ነው በዋናነት የሚበሩት፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። አንድ ቲዩብ አንድ ምስጥ፣ አለቀ።

እሱን አስተካክላችሁም ድርቡ ከቀጠለ የሚቶኮንድሪያ ጂን ድሮ ወደ ኒውክለስ ተገልብጦ እዛ የቀረ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ወደ ፕሮቲን ተርጉሙት፣ መሃል ላይ ስቶፕ (የማቆሚያ ምልክት) ከገባበት ወይ አንድ ሁለት ቤዝ ጎድሎ ንባቡ ከተዛባ ቅጂ ነው። ግን ስትተረጉሙ ሶፍትዌሩ ላይ የነፍሳት ሚቶኮንድሪያ ኮድ፣ ማለትም 5 ቁጥሩን ምረጡ፣ በተራው ኮድ ከተረጎማችሁት ቲጂኤ ስቶፕ ሆኖ ይነበብና ደህናውን ሲኩዌንስ ትጥሉታላችሁ። እኔ ጥያለሁ፣ ሁለት ጊዜ።

ኔጌቲቭ ኮንትሮሉም (ዲኤንኤ ያልገባበት ቲዩብ) ባንድ ካወጣስ? ምንም አታስቡ፣ ውሃውንም ሚክሱንም ጣሉ፣ ፒፔቱን አጽዱ፣ የዛን ቀን ውጤት በሙሉ እርሱት።

ብላስቱ ሶስት ስም ይሰጠኛል

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሸወድበት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ቴክኒኩ ሁሉ ሰርቷል። ሲኩዌንሱ ንጹህ ነው፣ ብላስቱ ላይ 99 ምናምን ፐርሰንት ይላል፣ ግን አንዱ መስመር ጌስትሮይ፣ ቀጣዩ ሃቪላንዲ፣ ከታች ቫስታተር። ሶስት ዝርያ? አይደለም። ማያሚ የተገኘው ምስጥ መጀመሪያ ሃቪላንዲ ነበር የሚባለው፣ 2003 ላይ ነው ሃቪላንዲና ጌስትሮይ አንድ ናቸው የተባለው፣ የፊሊፒንሱ ቫስታተርም 2007 ላይ በዲኤንኤ ሲታይ ያው ጌስትሮይ ሆኖ ተገኘ። ጂንባንክ ውስጥ ግን ሰው ያኔ የጻፈው ስም እዛው ሊቀመጥ ይችላል።

ፈረንሳይም እንደዚሁ ሆኗል። 1924 ላይ ሳንቶነንሲስ ተብሎ እንደ ራሱ ዝርያ የተሰየመ የቤት ምስጥ ነበር፣ 2005 ላይ ዲኤንኤው ከአሜሪካው ሬቲኩሊተርመስ ፍላቪፔስ ጋር ገጠመ፣ ማለት እንግዳ ነው፣ ከአሜሪካ የሄደ። እስከዛ ድረስ ብዙ ሰው የአውሮፓ ልጅ አድርጎ ነበር የሚያየው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይታችሁ ሪፖርት አትጻፉ። ያንን ሲኩዌንስ ማን አስገባው፣ ምስጡ ከየት አገር ተለቀመ፣ የታተመ ጥናት ላይ አለ ወይ፣ ምስጡ ራሱ የሆነ ቦታ ተቀምጧል ወይ፣ እነዚህን እዩ። ከሁለቱም ዝርያ አምስት ስድስት የታመኑ ሲኩዌንሶች አውርዳችሁ የራሳችሁን ጨምራችሁ ዛፍ ስሩ፣ ፎርሞሳኑስና ጌስትሮይ ልዩነታቸው ሰፊ ስለሆነ የናንተ የት እንደሚያርፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዲኤንኤውና ማይክሮስኮፑ አልተስማሙም

ሲኩዌንሱ ፎርሞሳኑስ ይላል፣ ምስጡን ስታዩት ግን መልኩ ወደ ጌስትሮይ ይሄዳል። መጀመሪያ የቲዩብ መቀያየር ጠርጥሩ፣ ከዛው ግለሰብ የቀረ እግር ካለ እንደገና አውጡ። ያስቀመጣችሁት ወታደር አሁን ነው የሚያስፈልገው። ድጋሚም ያው ከሆነ ድቅል (የሁለቱ ዝርያ ልጅ) ሊሆን ይችላል።

የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 2015 ላይ ባሳተሙት ጥናት የጌስትሮይ ወንዶች ከራሳቸው ሴት ይልቅ የፎርሞሳኑስን ሴት እንደሚከተሉ አሳዩ፣ ላብ ውስጥም ድቅል ኮሎኒ ቆመ። ከ2021 ጀምሮ ደሞ ፎርት ላውደርዴል ውስጥ ድቅል ክንፋሞች ሜዳ ላይ ተገኙ። እና ሚቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው፣ ሲኦዋንም ሲኦቱም 16ኤስም ሁሉም ሚቶኮንድሪያ ናቸው፣ ሶስቱንም ብትሰሩ የእናትየውን ስም ሶስቴ ነው የሚነግሯችሁ። የአባት ስም ከፈለጋችሁ ወደ ኒውክለሱ ግቡ፣ ማይክሮሳተላይት (ተደጋጋሚ አጭር ቁራጭ) ወይ ስኒፕ (የአንድ ቤዝ ልዩነት)፣ ሁለቱን ዝርያ የሚለይ ቦታ ላይ አንዱ ቅጂ ከፎርሞሳኑስ አንዱ ከጌስትሮይ ከሆነ ድቅል ነው። ያ ምርመራ እስኪሰራ ሪፖርቱ ላይ "ፎርሞሳኑስ ነው" አይባልም፣ "በእናት መስመር ፎርሞሳኑስ" ነው የሚባለው።

በፌስታል ይዞ ለመጣው ሰውዬ ይሄን ሁሉ ሳስረዳው "እና ምን ልርጭበት?" አለኝ። ልክ ነው። ሁለቱም በአፈር የሚመጡ ስለሆኑ ለሱ ቤት ያው ማጥመጃ ምግብ መትከል ወይ አፈሩን በመድኃኒት ማከም ነው፣ ድቅልም ቢሆን። ዝርዝሩን የሚፈልገው የትኛው የት ደረሰ ብሎ ካርታ የሚሰራው ሰው ነው፣ ስለዚህ አድራሻውንና የተለቀመበትን ቀን በእርሳስ ጻፍኩና ወረቀቱን ቲዩቡ ውስጥ ከተትኩት፣ እስክሪብቶ ኢታኖል ውስጥ ይለቃል።