በሊኑክስ ላይ አንድ ፎልደርን ለብዙ ተጠቃሚዎች እንዴት ማጋራት ይቻላል

ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ኮምፒውተር ሲሠራ የጋራ ፎልደር ማስፈለጉ አይቀርም። ከዚያ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያስተካክል ሲል «ፍቃድ የለም» ይባላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሰለችና ፎልደሩን 777 ያደርገዋል። እባካችሁ ይሄን ተዉት። 777 ማለት ሲስተሙ ላይ ያለ ማንም ተጠቃሚ እዚያ ውስጥ እንዳሻው ይጨምር፣ ይሰርዝ ማለት ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች በተራ የባለቤቱ፣ የግሩፑና የሌላው ሰው ሁሉ ናቸው። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ተደምረው ይጻፋሉ። ፎልደር ላይ ግን ትርጉማቸው ይለያል። 4 የፋይሎቹን ስም ማየት፣ 2 መጨመርና መሰረዝ፣ 1 ወደ ውስጥ መግባት ነው። ስለዚህ ፋይል ለመሰረዝ የሚያስፈልገው የፎልደሩ ፍቃድ እንጂ የፋይሉ አይደለም። ይሄን ያዙ፤ ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሁሉንም በሱዱ፣ ማለትም ሌላ ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ መብት በሚያስኬደው ትዕዛዝ፣ ነው የምንሠራው።

1. በግሩፕአድ ትዕዛዝ አዲስ ግሩፕ ፍጠሩ። ስሙ «ሥራ» ይሁን እንበል፤ ስትጽፉት ግን በላቲን ፊደል ነው።

2. በዩዘርሞድ ትዕዛዝ ሰዎቹን ወደ ግሩፑ አስገቡ። ከሰረዙ ቀጥሎ ትንሿ ኤ እና ትልቋ ጂ አብረው ይጻፉ። ትንሿ ኤ ከተረሳች ተጠቃሚው ከነበረባቸው ሌሎች ተጨማሪ ግሩፖች ይወጣል። ሱዱ የመጠቀም መብቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሲጨርሱ ሰዎቹ ወጥተው እንደገና ይግቡ፤ ያለዚያ ለውጡ አይታያቸውም።

3. ፎልደሩን የአንድ ሰው ሆም ውስጥ አታድርጉት፤ መንገዱ ላይ ያሉት ፎልደሮች ለሌሎች ዝግ ከሆኑ ማንም አይደርስበትም። ኤስአርቪ የሚባለው ፎልደር ሥር ይሻላል። በሲኤችግሩፕ፣ ማለትም ሲ-ኤች-ጂ-አር-ፒ ተብሎ በሚጻፈው ትዕዛዝ፣ ለግሩፑ ስጡት።

4. ፍቃድ በሚቀይረው በሲኤችሞድ ትዕዛዝ 2770 አድርጉት። ፊት ላይ ያለችው 2 ናት ትልቁን ሥራ የምትሠራው፤ እዚያ የሚፈጠር አዲስ ፋይል ሁሉ የፈጣሪውን ሳይሆን የፎልደሩን ግሩፕ ይወርሳል። አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳይሰርዝ ከፈለጋችሁ በ2770 ፋንታ 3770 በሉት።

ብዙዎች እዚህ ያቆማሉ፤ ችግሩ ግን ገና አለ። ዩማስክ፣ ማለትም አዲስ ፋይል ሲፈጠር የትኛው ፍቃድ እንደሚቀነስ የሚወስነው ቁጥር፣ 022 ከሆነ አዲስ ፋይል ለግሩፑ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይሆንም። የእያንዳንዱን ሰው ዩማስክ 002 ማድረግ ይቻላል። እኔ የምመርጠው ግን ሴትኤፍኤሲኤል በሚባለው ትዕዛዝ ፎልደሩ ራሱ ለግሩፑ ነባሪ የመጻፍ ፍቃድ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ሰው በማስታወሱ ላይ አይመሠረትም።

በመጨረሻ በአንዱ አካውንት ፋይል ፍጠሩና በሌላው ከፍታችሁ አስተካክሉት። ከሌላ ቦታ የምታመጡትን ፋይል ደግሞ ኮፒ አድርጉት። በማዛወሪያው ትዕዛዝ በኤምቪ ከተዛወረ የድሮ ግሩፑንና ፍቃዱን ይዞ ይመጣል፤ ያኔ በሲኤችግሩፕና በሲኤችሞድ በእጅ ማስተካከል ግድ ነው።