የመዝናኛ ፓርክ ኩባንያዎችን ሪፖርት ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየሦስት ወሩ ዲዝኒ፣ የዩኒቨርሳል ባለቤት ኮምካስት፣ ሲክስ ፍላግስ እና የሲወርልድ ባለቤት ዩናይትድ ፓርክስ የሒሳብ ሪፖርታቸውን ያወጣሉ። ሪፖርቱ ወጥቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ዜናው በአንድ መስመር ይጠቀለላል፤ ወይ "ጎብኚ ቀነሰ" ነው፣ ወይ "ጎብኚ ጨመረ"። ተንታኙም ወዲያው አሸናፊና ተሸናፊ ይመድባል። ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያነብ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከርዕሱ ጋር የማይገጥም ነገር ያገኛል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን የማውቃቸው ራሴ ስለሠራኋቸው ነው። (ዓመታቱና ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩባንያን በጎብኚ ቁጥር ብቻ መመዘን

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ከሚቀጥሉትም ግማሾቹ ከዚሁ የሚወለዱ ናቸው።

ሲክስ ፍላግስ በ2022 ያደረገውን እንመልከት። ኩባንያው ለዓመታት ትኬት በቅናሽ ሲያራግፍ ኖሯል። አዲሱ አመራር ቅናሹን ቆርጦ ዋጋ ጨመረ። ሐሳቡ ጥቂት ሰው ይምጣ፣ የመጣው ግን ደህና አድርጎ ይክፈል፣ ሰልፉም ይጠር የሚል ነበር። የጎብኚው ቁጥር በአንድ ዓመት ከ27.7 ሚሊዮን ወደ 20.5 ሚሊዮን ወረደ፤ ከአራት ሰው አንዱ ቀረ ማለት ነው። ርዕሱን ብቻ ያነበበ "አበቃለት" አለ። ገቢው ግን የወረደው ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 1.36 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ቅናሹ 9 በመቶ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዘው ገቢውን ለጎብኚው ቁጥር ቢያካፍሉት፣ በ2021 አንድ ጎብኚ በአማካይ 54 ዶላር ያህል ሲያስገባ በ2022 ወደ 66 ዶላር ከፍ ብሏል።

እዚህ ላይ ሌላው ወገን ደግሞ "ይኸው፣ ስልቱ ሠራ" ይላል። እሱም ተቻኩሏል። በርካሽ ትኬት የሚገባው ሰው ሲቀር፣ የቀሩት አንዲት ሳንቲም ሳይጨምሩ አማካዩ በራሱ ከፍ ይላል። ከክፍሉ ውስጥ አጭሮቹ ተማሪዎች ቢወጡ የቀሩት ቁመት አማካይ እንደሚጨምር ማለት ነው፤ ማንም አላደገም። ስለዚህ ከ54 ወደ 66 የተደረገው ዝላይ ውስጥ የዋጋ ጭማሪው ስንት እንደሆነ፣ የጎብኚው ዓይነት መቀየር ስንት እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2023 ጎብኚው ወደ 22.2 ሚሊዮን ተመለሰ፤ ገቢውም ወደ 1.43 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። በዚያ ዓመት ከአንድ ጎብኚ የሚገኘው አማካይ በጥቂቱ ዝቅ ሲል ጠቅላላ ገቢው ጨመረ። የነፍስ ወከፍ ወጪን፣ ማለትም አንድ ጎብኚ በአማካይ የሚከፍለውን፣ ብቻ የሚከተል ሰው ይህን እንደ ውድቀት ይመዘግበው ነበር።

የሰው ቁጥር ዋጋ የሚኖረው በኩባንያው ወጪ በኩል ነው። ሮለር ኮስተር ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖም ያው ኦፕሬተር፣ ያው ጥገና፣ ያው መብራት ይፈልጋል። የፓርክ ወጪ በአብዛኛው በሩ ሲከፈት የሚፈስ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ከሞላ ጎደል ትርፍ ነው። የጎብኚ መቀነስ የሚያስፈራው ለዚህ ነው እንጂ ቁጥሩ በራሱ ክብር ኖሮት አይደለም።

ቁጥሩን ማን እንዳወጣው አለመጠየቅ

ሲክስ ፍላግስ እና ዩናይትድ ፓርክስ ስንት ጎብኚ እንደገባ በሪፖርታቸው ይጽፋሉ። ቶኪዮ ዲዝኒላንድን የሚያስተዳድረው ኦሪየንታል ላንድ ኩባንያም እንዲሁ። ዲዝኒ ግን በፓርክ ደረጃ ቁጥር አያወጣም፤ በሰነዱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ብቻ ነው። በየጊዜው የሚጠቀሰው "ማጂክ ኪንግደም በ2024 17.84 ሚሊዮን ጎብኚ አስተናገደ" የሚለው፣ በፍሎሪዳ ኦርላንዶ ስላለው የዲዝኒ ፓርክ የሚነገር ዓይነት አኃዝ የሚመጣው የመዝናኛ ኢንዱስትሪው ማኅበር ከሚያወጣው ዓመታዊ ጥናት ነው። ጥናቱ የተከበረ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ሆኖም ግምት ነው። ከግምት ላይ ተነስቶ "ይህ ፓርክ ያንን በመቶ ሺህ በለጠው" ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ደግሞም ቁጥሩ የሚቆጥረው ጉብኝትን ነው፣ ሰውን አይደለም። አራት ሆነው ለአራት ቀን የመጡ ቤተሰቦች 16 ጎብኚ ናቸው።

የዘመን መቁጠሪያውን መርሳት

የዲዝኒ የበጀት ዓመት የሚያልቀው በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ስለዚህ "የመጀመሪያው ሩብ ዓመት" ሲባል ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ያለው ነው። ኦክቶበር 2024 ላይ ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ ጉዳቱ የገባው በ2025 የበጀት ዓመት ሒሳብ ውስጥ ነው። በዚያ ሩብ ዓመት ዲዝኒ ሄሊንና ሚልተን በተባሉት ሁለት አውሎ ነፋሶች ምክንያት 120 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳጣ፣ አዲሷን የመዝናኛ መርከብ ዲዝኒ ትሬዠርን ሥራ ለማስጀመር ደግሞ 75 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደወጣበት አስታውቋል። የአሜሪካ ፓርኮቹን ትርፍ መቀነስ አይቶ "ሕዝቡ ዋጋው ሰልችቶት ሸሸ" ብሎ የጻፈ ሰው እነዚህን ሁለት መስመሮች አላነበበም።

የምዕራባውያን ፋሲካም እንዲሁ ያታልላል። በ2024 ማርች 31 ዋለ፤ በ2025 ኤፕሪል 20። የትምህርት ቤት ዕረፍት ከእሱ ጋር ስለሚንቀሳቀስ አንድ ዓመት ለማርች የተቆጠረው ጎብኚ በሚቀጥለው ዓመት ለኤፕሪል ይቆጠራል። ሁለቱን ሩብ ዓመታት ደምሮ ማየት ግማሹን ጫጫታ ጸጥ ያደርገዋል።

አብዛኞቹ ፓርኮቻቸው በብርድ ወራት የሚዘጉ ኩባንያዎች ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ መክሰራቸው የታወቀ ነው። ሲክስ ፍላግስ በ2025 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት 202 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ 220 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ኪሳራው የሚመዘነው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ነው፤ ከበጋው ወራት ጋር ማነጻጸር ምንም አይነግርም።

የአንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት ነው ብሎ መደምደም

ዩኒቨርሳል ሜይ 22 ቀን 2025 በኦርላንዶ ኤፒክ ዩኒቨርስ የተባለውን አዲስ ፓርክ ከፈተ። ከመከፈቱ ከወራት በፊት ጀምሮ ዲዝኒ ስንት ጎብኚ እንደሚነጠቅ ሲሰላ ነበር። ስሌቱ የከተማው ጎብኚ አንድ ዳቦ ነው፣ አንዱ ሲቆርስ የሌላው ይቀንሳል ከሚል የተነሳ ነው። ኦርላንዶ ግን ይህን ፈተና ከዚህ በፊት አይታዋለች። ጁን 2010 ዩኒቨርሳል የሃሪ ፖተርን ዓለም አይላንድስ ኦቭ አድቬንቸር በተባለው ፓርኩ ውስጥ ሲከፍት፣ በማኅበሩ ግምት መሠረት የፓርኩ ጎብኚ በ2009 ከነበረበት 4.6 ሚሊዮን በ2011 ወደ 7.7 ሚሊዮን ገደማ ዘለለ። በዚያው ጊዜ ማጂክ ኪንግደም 17 ሚሊዮን አካባቢ እንደነበረ ቆየ። ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ አዲሱን ፓርክ ለማየት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ዕረፍቱን ያራዝማል እንጂ የድሮውን አይሰርዝም።

በ2025ም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ኤፒክ በተከፈተበት ሩብ ዓመት የዲዝኒ የአሜሪካ ፓርኮችና መዝናኛዎች ትርፍ በ22 በመቶ አድጎ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ይህን አይቶ "ዲዝኒ ዩኒቨርሳልን ረታ" ማለት ደግሞ ሌላ ጥድፊያ ነው። በዚያ መስመር ውስጥ የመዝናኛ መርከቦቹም አሉ፤ ካለፈው ዓመት በተለየ አንዲት አዲስ መርከብ ጨምሮ።

ዓይኔን የሚስበው ከሁለቱ ትልልቆች ይልቅ ሦስተኛው ነው። አምስት ቀን የሚቆይ ቤተሰብ ለዲዝኒ ሦስት፣ ለዩኒቨርሳል ሁለት ቀን ከመደበ ለሲወርልድ የሚተርፈው ምንድን ነው? በ2025 ሦስተኛ ሩብ ዓመት የዩናይትድ ፓርክስ ጎብኚ በ3.4 በመቶ ቀንሶ 6.8 ሚሊዮን ሆነ፤ ገቢውም በ6.2 በመቶ ወረደ። ኩባንያው በካሊፎርኒያ፣ በቴክሳስና በቨርጂኒያም ፓርኮች ስላሉት ሁሉንም በኤፒክ ማሳበብ አይቻልም። ነገር ግን የውድድሩን ጉዳት የሚፈልግ ሰው እዚህ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የመክፈቻውን ወቅት ሒሳብ እንደ መደበኛ ማየት

አዲስ ፓርክ ትኬት ከመሸጡ በፊት ለወራት ይከፍላል፤ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ያሠለጥናል፣ ባዶ ባቡር ሲያዞር ይከርማል። ኤፒክ በተከፈተበት ሩብ ዓመት የኮምካስት ፓርኮች ገቢ በ19 በመቶ ያህል ሲያድግ ትርፉ ያደገው በ4 በመቶ ያህል ነው። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ገቢው ያንኑ ያህል አድጎ ትርፉ በ13 በመቶ ያህል ጨመረ። ይህ "ትርፍ" ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ተቀናሽ (ሕንፃውና መሣሪያው በየዓመቱ ከሚያጣው ዋጋ) በፊት ያለው መሆኑንም ልብ ይበሉ። በቢሊዮኖች የተገነባ ፓርክ የእርጅና ተቀናሹ ቀላል አይደለም።

ውህደትን እንደ ዕድገት ማንበብ

በዚህኛው ተይዣለሁ። ሲክስ ፍላግስ እና ሌላው የፓርክ ኩባንያ ሲዳር ፌር ጁላይ 1 ቀን 2024 ተዋሐዱ። የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ገቢው 2.71 ቢሊዮን ዶላር፣ ያለፈው ዓመት ደግሞ 1.8 ቢሊዮን ይላል። "በግማሽ አደገ!" ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሲክስ ፍላግስ በ2023 ያስገባው 1.43 ቢሊዮን አልነበረም? ለካስ ስሙ የሲክስ ፍላግስ ቢሆንም በሒሳብ አያያዝ ገዢው ሲዳር ፌር ነው። ስለዚህ የታሪክ ዓምዱ የሲዳር ፌር ሲሆን፣ የቀድሞው ሲክስ ፍላግስ የሚገባው ከጁላይ ወዲህ ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስምና ዓምዱ ውስጥ ያለው ድርጅት የተለያዩ ናቸው።

ያው ኩባንያ በ2025 ሦስተኛ ሩብ ዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተጣራ ኪሳራ አስመዘገበ። ከዚያ በስተጀርባ ያለው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል የጉድዊል (በግዢ ጊዜ ከንብረቱ ዋጋ በላይ የተከፈለው) እና የሌሎች የማይዳሰሱ ንብረቶች ዋጋ ቅነሳ ነው። በዚያ ሩብ ዓመት ከካዝናው የወጣ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በውህደቱ ጊዜ የተገመተው ዋጋ ከፍ ያለ እንደነበር ኩባንያው በራሱ እጅ መጻፉ ነው።

ዲዝኒ የሚል በር ሁሉ የዲዝኒ ነው ማለት

ከ1983 ጀምሮ ቶኪዮ ዲዝኒላንድን የያዘው ኦሪየንታል ላንድ ነው፤ ዲዝኒ የሚቀበለው የፈቃድ ክፍያ ነው። ሻንጋይ ላይ የዲዝኒ ድርሻ 43 በመቶ ነው። በ2024 የበጀት ዓመት 34.15 ቢሊዮን ዶላር ያስገባው የዲዝኒ የፓርክ ዘርፍም ቢሆን መርከቦችን፣ በዲዝኒ ስም የሚሸጡ አሻንጉሊቶችንና አልባሳትን ጨምሮ ነው። ሜይ 2025 የታወጀው የአቡዳቢ ፓርክም በቶኪዮው መንገድ የሚሄድ ነው። የሚገነባውና የሚያስተዳድረው ሚራል የተባለው የአቡዳቢ ኩባንያ ሲሆን፣ ዲዝኒ ንድፉንና ስሙን ሰጥቶ የፈቃድ ክፍያ ይሰበስባል። ፓርኩ ተከፍቶ ሰልፉ አደባባዩን ቢሞላ እንኳ የትኬቱ ገንዘብ መጀመሪያ የሚገባው በሚራል መዝገብ ውስጥ ነው።