ጃኩዚው አልሞቅ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጃኩዚ መሞቅ ሲያቆም አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማሞቂያውን ነው። ኤለመንት (ማሞቂያው ውስጥ ያለውን የሚግል ክፍል) ገዝቶ ያስቀይራል፣ ገንዳውን እንደገና ይሞላል፣ ውኃው ግን እንደቀዘቀዘ ያድራል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚባክነው ማሞቂያው ራሱን ችሎ የሚሠራ ዕቃ ስለሚመስል ነው። እውነታው ሌላ ነው፤ ማሞቂያው የሚበራው በቂ ውኃ በውስጡ እያለፈ መሆኑን መቆጣጠሪያው ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከውኃው ይጀምር። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) የሚነሳው ውኃው ከጥርጣሬ ነጻ ከሆነ በኋላ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የማሽኑን ሽፋን ከመክፈትዎ በፊት ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፤ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ማጥፋት አይበቃም። የፓምፑ ካፓሲተር ኃይል ከተቋረጠም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በእጅ አይነካም። ኃይል ባለበት መስመር ላይ የሚደረግ ልኬት ሁሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው።

በእርግጥ ተበላሽቷል ወይስ ጊዜው አልደረሰም?

1,500 ሊትር ውኃ የያዘ ገንዳ በ3 ኪሎዋት ማሞቂያ በሰዓት የሚጨምረው 1.7 ዲግሪ ገደማ ነው። ውኃው ከ15 ዲግሪ ወደ 38 ዲግሪ ለመድረስ ወደ ውጭ የሚያመልጠው ሙቀት ሳይቆጠር እንኳ ከ13 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ማሞቂያው 1 ኪሎዋት ብቻ ከሆነ ደግሞ ያው ሥራ 40 ሰዓት ይፈጃል። አዲስ ውኃ ከሞሉ በኋላ በማግስቱ ጠዋት «አልሞቀም» ከማለትዎ በፊት የራስዎን ገንዳ መጠንና የማሞቂያውን ኪሎዋት ወስደው ይህንኑ ስሌት ይሥሩ።

ከዚያ የአሠራር ምርጫውን ይመልከቱ። ብዙ ጃኩዚዎች ኃይል ለመቆጠብ የተዘጋጀ የአሠራር ዓይነት አላቸው፤ በዚህ ምርጫ ላይ ከሆኑ የሚያሞቁት ውኃው በሚጣራባቸው ሰዓታት ብቻ ነው። አንዳንዶቹም ዝቅተኛና ከፍተኛ የሙቀት ክልል አላቸው፤ ዝቅተኛው ላይ ከቆዩ የሚፈልጉት ሙቀት ላይ አይደርሱም። መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ምርጫው ተቀይሮ ሊገኝ ስለሚችል ሁለቱንም ማየት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። የብዙዎቹ ከፍተኛ ጣሪያ 40 ዲግሪ ስለሆነም ከዚያ በላይ አይጠብቁ።

ፓምፑ ይሠራል፣ ማሞቂያው ግን አይበራም፤ ሰሌዳው የፍሰት ችግር ያሳያል

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደው ይቆዩ፤ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ምልክት ከአምራች አምራች ይለያያል፤ «ኤፍ ኤል ኦ»፣ «ኤፍ ኤል» ወይም «ኤል ኤፍ» የሚሉት የተለመዱ ናቸው። መልእክታቸው አንድ ነው፦ ወደ ማሞቂያው የሚደርሰው ውኃ አንሷል።

የመጀመሪያው ፍተሻ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ማጣሪያውን ያውጡና ማሽኑን ያለ ማጣሪያ ለአጭር ጊዜ ያስኬዱት። ምልክቱ ጠፍቶ ማሞቂያው ከበራ ጥፋተኛው ተገኘ። ማጣሪያውን በእያንዳንዱ እጥፋት መካከል በቧንቧ ውኃ ይጠቡ፣ ከዚያ በማጣሪያ ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ አሳድረው በሚገባ ያለቅልቁት። ቅባትና ክሬም በውኃ ብቻ አይለቅም፤ ንጹሕ የሚመስል ማጣሪያ ውኃ የማያሳልፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ጨርቁ ከሳሳ ወይም ከተቦጨቀ ይቀይሩት። ያለ ማጣሪያ ግን ለረጅም ጊዜ አያስኬዱት፤ ቆሻሻው በቀጥታ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

ማጣሪያው ወጥቶም ለውጥ ከሌለ የውኃውን ከፍታ ይዩ፤ ከመምጠጫው አፍ በታች ከወረደ ፓምፑ አየር ይስባል። በፓምፑ ግራና ቀኝ ያሉት ቫልቮች እስከ መጨረሻው መከፈታቸውንም ያረጋግጡ። ከጥገና በኋላ አንዱ በከፊል ተዘግቶ መቅረቱ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ችግሩ የጀመረው ውኃ ከቀየሩ በኋላ ከሆነ ግን ቧንቧው ውስጥ የታመቀ አየር ይጠርጥሩ። ፓምፑ ይጮኻል፣ ውኃ ከሚረጩት አፍንጫዎች የሚወጣ ውኃ ግን የለም ወይም እየተቆራረጠ ነው። ብሬከሩን አጥፍተው የፓምፑን ማያያዣ ቀለበት በጥቂቱ ያላሉት። አየሩ እያፏጨ ይወጣል፤ ውኃ መንጠባጠብ ሲጀምር መልሰው ያጥብቁት። በሚቀጥለው ጊዜ ገንዳውን ሲሞሉ የውኃውን ቱቦ በማጣሪያው ቤት ውስጥ ያስገቡ፤ ውኃው ከታች ወደ ቧንቧዎቹ ሲገባ አየሩን ከፊቱ እየገፋ ያስወጣል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ፍሰቱ ጠንካራ ሆኖ ምልክቱ ካልጠፋ፣ ያን ጊዜ የፍሰት ወይም የግፊት መቆጣጠሪያው ማብሪያ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ቆሻሻ ወይም ኖራ ይዞት እንደሆነ አውጥተው ያጽዱት፤ ካልተሻለው ይቀየራል። ሁለቱን ሽቦዎቹን አገናኝቶ ማሽኑን «ማታለል» ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በቂ ውኃ ሳይኖር የበራ ኤለመንት በአጭር ጊዜ ይቃጠላል፣ የያዘውን ማቀፊያም ያቀልጣል። ይህን «ጊዜያዊ መፍትሄ» ብሎ የሚያቀርብ ባለሙያ ካጋጠመዎ ሥራውን ያስቁሙት።

ትንሽ ሞቆ ይቆማል

ማሽኑ ጥቂት ሠርቶ የሙቀት ማለፍ ምልክት አሳይቶ ከቆመ፣ የሙቀት ጣሪያ መከላከያው ሠርቷል ማለት ነው። ይህ መከላከያ ብዙ ጊዜ በ48 ዲግሪ አካባቢ ይቆርጣል። ገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ ለብ ያለ ሆኖ ሳለ ማሞቂያው ውስጥ ያለው ብቻ ከልክ በላይ ከሞቀ መንስኤው አሁንም የፍሰት ማነስ ነው፤ ወደ ማጣሪያው፣ ቫልቩና ፓምፑ ይመለሱ። ውኃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው መከላከያውን በመመለሻ ቁልፉ ወይም ብሬከሩን አጥፍተው በማብራት ያስነሱት። ደጋግሞ የሚቆርጥን መከላከያ ደጋግሞ ማስነሳት መፍትሄ አይደለም።

ብሬከሩ ይወርዳል

ወደ መሬት የሚያመልጥ ኤሌክትሪክን የሚቆርጠው ብሬከር ማሞቂያው ሊበራ ሲል ከወረደ፣ የኤለመንቱ ሽፋን ተሰንጥቆ ውኃ ገብቶበት ይሆናል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኃይሉ ተቋርጦ የኤለመንቱ ሽቦዎች ይነቀላሉ፣ ጫፎቻቸው በደንብ ይሸፈናሉ፣ ከዚያ ኃይል ይለቀቃል። ብሬከሩ ካልወረደ ጥፋቱ ኤለመንቱ ነው፤ አሁንም ከወረደ ፓምፑን ወይም ሌላ ክፍል በዚሁ መንገድ አንድ በአንድ መለየት ነው። ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ማንም ሰው ገንዳው ውስጥ አይግባ።

ፍሰቱ ጥሩ ነው፣ የማሞቂያው መብራት ይበራል፣ ውኃው ግን አይሞቅም

ወደ ኤሌክትሪኩ የምንገባው አሁን ነው። ኃይሉ ተቋርጦ፣ ሽቦዎቹ ከተነቀሉ በኋላ በኤለመንቱ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መቋቋም በኦም ይለኩ። በ230 ቮልት ለሚሠራ 3 ኪሎዋት ኤለመንት ንባቡ 18 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። ቴስተሩ ምንም ግንኙነት ካላሳየ ኤለመንቱ ውስጡ ተበጥሷል። ከጫፉ ወደ ብረት አካሉ ሲለካ ደግሞ ምንም ግንኙነት መታየት የለበትም። ኤለመንቱ ደህና ከሆነ የመቆጣጠሪያው ቦርድ ላይ ያለው ሪሌ (ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ወይም ፊውዝ ቀጥሎ ይጠረጠራል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ የሽቦ ማያያዣ በዓይን ይታያል፤ ላልቶ የቆየ ብሎን የሚፈጥረው ጉዳት ነው።

የቮልቴጅ መውረድም አይዘንጋ። 230 ቮልት የሚፈልግ ማሞቂያ 200 ቮልት ብቻ ሲደርሰው የሚሰጠው ኃይል ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ምንም የተበላሸ ነገር ሳይኖር ሙቀቱ ይዘገያል።

ሰሌዳው አንድ ይላል፣ ውኃው ሌላ

ሰሌዳው 38 ዲግሪ እያለ ውኃው ሲነካ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ሌላ ቴርሞሜትር ውኃው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው ያወዳድሩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የሙቀት ሴንሰሩ ነው የሳተው። ብዙዎቹ ሴንሰሮች በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ያነባሉ፣ ሙቀት ሲጨምርም ንባቡ ይቀንሳል። ሴንሰር ከኤለመንት በጣም ርካሽ ዕቃ ነው፤ ከትልቁ ዕቃ በፊት ይፈተሽ።

ይሞቃል፣ ግን ሙቀቱ አያድርም

ክዳኑን ያንሱት። ከበፊቱ እጅግ ከከበደ ውስጡ ያለው ፎም ውኃ ጠጥቷል፤ ሙቀት መያዝ አቁሟልና መቀየር አለበት። ጠርዙ ላይ እንፋሎት የሚወጣበትን ክፍተትም ይፈልጉ። ከውኃው ጋር አየር የሚቀላቅሉት ትንንሽ መዘውሮች ገንዳውን ሰው በማይጠቀምበት ጊዜ ተዘግተው ይደሩ፤ ካልሆነ ፓምፑ በሠራ ቁጥር ቀዝቃዛ አየር ወደ ሞቀው ውኃ ይገባል።

ኤለመንቱ ተቀይሮ ሥራው ሲያበቃ አሮጌውን ሳይጥሉ በደንብ ይዩት። ነጭ የኖራ ቅርፊት ከለበሰ የውኃው ፒ ኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) ወይም የካልሲየም መጠን ከፍ ብሎ ቆይቷል፤ ተበልቶ ከተቦረቦረ ደግሞ ውኃው አሲዳማ ነበር። ፒ ኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው መካከል እንዲሆን ውኃውን አስተካክለው አዲሱን ያብሩ፤ አለበለዚያ እሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።