የባሕር ዳርቻን በብርድ ወራት ፎቶ ለምታነሱ

ፖርትላንድ ወይም ሲያትል ያላችሁ፣ በብርዱ ወራት ካሜራ ይዛችሁ ወደ ኦሪገን ባሕር ዳርቻ ከወረዳችሁ ሄሴታ ሄድን አትለፉት። እ.ኤ.አ. በ1894 መብራቱ የተለኮሰ ነጭ የመርከብ መብራት ማማ ነው። ከኋላው ጥቁር ደን፣ ከፊቱ ገደል።

ትልቁ ጠላት ዝናቡ ሳይሆን ጨዋማው ርጭት ነው። ሌንሱ ላይ ስስ ጉም ይሠራል፣ በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ደግሞ አይታይም። እኔ የግማሽ ቀን ፎቶ የተበላሸብኝ እንዲህ ነው፤ ቤት ገብቼ ሳየው ሁሉም ወተት የፈሰሰበት መስሏል። በደረቅ ጨርቅ አትፈትጉት፣ ጨው ይቧጭራል። መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱት፣ ከዚያ አድርቁት። ርካሽ ዩቪ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገጠም መከላከያ መስታወት) ብትገጥሙማ ግልግል ነው።

ደኑ ጥቁር ስለሆነ ካሜራው ይሸወድና ነጩን ማማ ከልክ በላይ አብርቶ ያቃጥለዋል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) በ1 ስቶፕ ገደማ፣ ማለትም በግማሽ ያህል፣ ቀንሱ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። ከዚያ በኋላ ያለችውን ሰማያዊ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ የማማው መብራት የሚያምረው ያኔ ነው።

ትርፍ ባትሪ እንዳይበርደው በውስጥ ኪስ ይሁን። ሞቃት ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ውጭ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ አሽጉት፣ አለዚያ ያልበዋል።

አሸዋው ላይ ስትወርዱ ደግሞ ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ። እዚያ ሳይታሰብ ርቆ የሚመጣ ማዕበል አለ፤ ትራይፖዱንም ሰውንም ይዞ ይሄዳል።